ለተከራየሁት በር ጠባቂ ፍለጋ

ሌባው ከፎቃችን የወሰደው አንድ የጋዝ ሲሊንደርና አንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋ ለበዓል ተገዝታ፣ እግሯ ታስሮ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ባለቤቷ ከእኔ በር ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤቴ ናት፤ ልብስ ልታሰጣ ጣራው ላይ ወጥታ ስትመለስ ሁለቱም የሉም። ያውም በጠራራ ፀሐይ። የመጣው ፖሊስ መጀመሪያ የጠየቀው የዶሮዋን መልክ ነበር።

"ገብስማ ናት" አለች ጎረቤቴ። "የሲሊንደሩንስ መልክ አትጠይቀኝም?"

"ሲሊንደር ሁሉ አንድ ነው፣ እትዬ።"

ዘበኛ የለንም እንዳይባል ዘበኛ አለን። ሰውዬውንም አይቶታል። እንዲያውም ሲሊንደሩ ከብዶት ሲያቃስት አዝኖለት እስከ ባጃጁ ድረስ አግዞታል። "ዶሮዋን እኔ ነኝ የያዝኩለት" አለ ለፖሊሱ፣ ሰደቃ እንደሰጠ ሰው።

ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ በሬን ቀረቀርኩ፤ መቀርቀሪያውንም ሦስት ጊዜ ጎትቼ አየሁት።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማየት ከመነኸሪያ ተመልሼ የመጣሁበት ቀን አለ፤ ምድጃው የከሰል ነው፣ ከሰሉንም የዚያን ቀን አልለኮስኩትም ነበር። አሁን ግን የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሽርጥ፣ ሻሽና የሴት ቀሚስ እሸጣለሁ። ጎህ ሲቀድ ከከሚሴ በሚነሳው ሚኒባስ ሄጄ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እመለሳለሁ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፣ ሲመጣም እንቅልፉን ይዞ ነው የሚመጣው። ከልጄ ጋር ትውል የነበረችው የእህቴ ልጅ አግብታ ባቲ ገባች። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ እሑድን ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ልትውል ነው።

ወሬው ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ዶሮዋ በሬ ሆናለች፣ ሌባውም ሦስት ሆኗል። ጨፋ ሮቢት የሚኖሩት አማቴ ናቸው። በዚያው ምሽት ደወሉ።

"ልጅቷን አምጪልኝ" አሉ።

በእኛ አገር ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳዩን የሚጀምር ሰው ወይ ሞት ሊያረዳ ነው ወይ ተቆጥቷል። የቤቱን፣ የጎረቤቱን፣ የሰማዩንና የከብቱን ደህንነት ሳይጠይቁ አማቴ ተናግረው አያውቁም። ደነገጥኩ።

"እማ፣ እኔ እያለሁ ልጄ ምን ትሆናለች?"

"እሑድስ? እሑድ ማን አለ?"

መልሴን አልጠበቁም።

"ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር እዚህ ትመዘገባለች። ትምህርት ቤቱ ደጃፌ ነው። ወተት አለ። ሌባ የለም፤ ቢኖርም ማን እንደሆነ እናውቀዋለን።"

ባሌን ስጠይቀው የእናቱን ቃል ደገመልኝ። "ወይ ቤቱን የሚጠብቅ አስተማማኝ ነገር ፈልጊ፣ ወይ ሰንበቴን ተዪ፣ ወይ ልጅቷ እናቴ ጋ ትሂድ" አለ። ሰንበቴ ላይ ደግሞ ቦታሽ አንድ እሑድ ባዶ ከዋለ በሚቀጥለው ሌላ ሰው ይዘረጋበታል። መንፈቀ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለበሬ ጠባቂ ካላገኘሁ ልጄ ትሄዳለች ማለት ነው።

መጀመሪያ የብረት በር አሰብኩ። ፎቁ የሐጂ ነው። ሐጂ ሲያከራዩን ውሉን ቆመው አስነብበውናል፤ ውሉ ስለ ኪራይ አንድ መስመር፣ ስለ ግድግዳ ሙሉ ገጽ ነው። ሚስማር መምታት ክልክል ነው፣ መብሳት ክልክል ነው። በየሳምንቱ መጥተው ግድግዳውን እንደ ደለበ በሬ ጀርባ ይዳብሱታል።

"ሐጂ፣ ሌባ ስላስቸገረ የብረት በር ላስገጥም ነበር።"

"በምን ይያዛል?"

"በብሎን።"

"ብሎኑ የት ይገባል?"

"ግድግዳው ላይ።"

"የማን ግድግዳ?"

"የእርስዎ... ታዲያ ሌባ ቢመጣብኝስ ሐጂ?"

"ሌባ ግድግዳ አይነካም" አሉ፤ ጨዋ ሰው የሚያሞግሱ ነበር የሚመስሉት። "ሌባ የሚገባው በበር ነው።"

ውሻ እንዳላሳድግ፣ ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም፤ ከመላእክቱ በፊት ደግሞ ሐጂ አሉ። ጎረቤቴ ፍየል መከረችኝ። "ፍየል ሰው ሲነካት ከውሻ ይልቅ ትጮኻለች" አለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፍየል! እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን አስቤበታለሁ።

ከዚያ ዛሬም ድረስ የማፍርበትን ነገር አደረግሁ። አንድ እሑድ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቼ በሩን ከውጭ ቆለፍኩና ቁልፉን ይዤ ሰንበቴ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ቁልፉን በመቀነቴ ውስጥ እየዳበስኩ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ስመለስ ጎረቤቴ በሬ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

"ቁልፉ የት ነው የዋለው?"

"ሰንበቴ።"

"ልጅቷስ?"

"ቤት።"

"እሳት ቢነሳ በምን ላወጣት ነበር? በጥርሴ?"

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጓጉንቸሩን ካየች ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ከልጄ ጋር በበሩ ስንጥቅ ሲያወሩ ውለዋል። ሌባ ፈርቼ ልጄን ራሴ አሰርኳት። በማግስቱ ጓጉንቸሩን ለገዛሁበት ሰው መለስኩለት፤ "ተበላሸ ወይ?" ሲለኝ "አይ፣ በጣም ይሠራል" አልኩት።

በዋናው መንገድ ዳር ስልክ የሚጠግንና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። እሱ ጋ ሄድኩ። በመጀመሪያ የሰጠኝ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚጮህ ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ ክፍል በሩ ላይ፣ ሌላው መቃኑ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ዕቃው ጥሩ ነበር። ጥሩ ያልሆነው የእኛ ፎቅ ነው። ጨው የሚዋስ ይገባል፣ ወንፊት የሚመልስ ይገባል፣ "ደህና አደራችሁ" ለማለት ብቻ አንገቱን የሚያስገባ አለ። በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደጮኸ እንጃ። በሁለተኛው ቀን ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የላይኛው ፎቅ ልጆች እንዲጮህላቸው ብለው በሩን እየከፈቱ ይሮጡ ጀመር። ይዤው ተመለስኩ።

"ሰው የማይገባበት ቤት ነው የሚፈልገው" አልኩት።

"እንግዲያው ካሜራ ውሰጂ። ማንም አይሰማውም፤ አንቺ ብቻ በስልክሽ ታያለሽ። ሰው በሩ ጋ ሲደርስ ስልክሽ ይጠራል። ብትፈልጊ ታናግሪዋለሽ፤ ድምፅሽ በሩ ላይ ይሰማል።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

"ባትሪ አለው።"

"ዋይፋይ የለኝም።"

"ሲም ካርድ ይገባበታል።"

"ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

"ያን ጊዜ ዱዓ ነው።"

"ሌባው ካሜራውን ራሱን ቢሰርቀውስ?"

"ሲሰርቀው ያነሳዋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካሜራው ሌባው ጋ ነው።"

ስላልዋሸኝ ገዛሁት። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለእኔ ግንብ ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ልጄ ግን አንብባ፣ ሲሙን አስገብታ፣ ስልኬ ላይ አስተካክላ፣ የቱን ስነካ እንደማይ፣ የቱን ስነካ እንደምናገር አሳየችኝ። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ በሙጫ ለጠፍነው። ሐጂ መጥተው አንጋጠው አዩት።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"ዓይን ነው ሐጂ።"

"ግድግዳው ተበስቷል?"

"አልተበሳም፤ በሙጫ ነው።"

"እሺ" አሉና ከበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ዳበስ አድርገውት ወረዱ።

ለልጄ አንድ ሕግ ብቻ ሰጠኋት። "ከውስጥ ትቀረቅሪያለሽ። እኔ ካልመጣሁ ለማንም አትከፍቺም።"

"ለሐጂስ?"

"ለሐጂም።"

"ውሃ የጠማው ቢመጣስ?"

"ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ ጠምቶት የወጣ ሰው ሲወርድም ይችላል። ማንም ማለት ማንም ነው።"

ሰንበቴ ደረስኩ። ሽርጤን ዘርግቼ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ፍየል ይጮኻል፣ ግመል ያልፋል፣ ገዢ ዋጋ ይጠይቃል፤ እኔ ዓይኔ ያለው በሬ ላይ ነው። በሬ ተዘግቷል። ትንሽ ቆይቼ አየሁ፤ አሁንም ተዘግቷል። ከአፋር የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉኝ፤ በየገበያው ባይገዙም ሳይቀመጡ አያልፉም። መጡና ሰላምታ ጀመሩ። አፋሮች ሰው ሲያገኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ወሬ አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩሻል፣ አንቺም በተራሽ ትነግሪያለሽ። ሌላ ነገር እያዩ ማዳመጥ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ስልክ እያየሁ "እ... እ..." እላለሁ።

"ልጄ፣ ማን ታሞብሽ ነው?" አሉኝ።

አፍሬ አሳየኋቸው። "ልጄ ያለችበት ቤት በር ነው።"

"ከሚሴ ያለው?"

"አዎ።"

ጎንበስ ብለው አዩ። "ምንም አያደርግም" አሉ።

"በር ነዋ አባቴ።"

ሰሙና የጎኔ ሻጮች ተሰበሰቡ። በሩን እያዩ አስተያየት መስጠት ጀመሩ። አንዷ ቀለሙን አልወደደችውም። ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

ካሜራው ከላይ ስለሆነ ፊት አይታይም። በትልቅ ጥቁር ልብስ የተሸፈነ ጭንቅላት አየሁ። ከኋላው ገመድ የያዘ ወንድ ቆሟል። ጥቁር የለበሰው በሩን አንኳኳ፣ ከዚያ በትከሻው ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። ልጄ ያሳየችኝን ምልክት ነክቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ሌባ!" አልኩ። ከኋላዬ የሰንበቴ ገበያ ግማሹ አብሮኝ "ሌባ! ያዘው!" አለ።

ጥቁር የለበሰው ሰው ዘሎ ከበሩ ራቀ። "አዑዙ ቢላሂ ሚነ ሸይጣን!" እያለ ቀና ሲል ፊቱን አየሁት። አማቴ ናቸው።

"እማ... እኔ ነኝ።"

"የት ነሽ?"

"ሰንበቴ።"

"ሰንበቴ ሆነሽ በሩ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እርስዎስ እማ?"

"ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። ባጃጅ አቁሜያለሁ፤ ሰውየው ሻንጣዋን ሊያስርልኝ ነው። ልጅቷ አልከፍትም ብላለች። ክፈቺ በያት!"

መንፈቀ ዓመቱ ገና አላለቀም። እሑድ ሰንበቴ እንደምውል ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የመጡት። ሌባ ማለቴ ክፉኛ ቢያሳፍረኝም ብዙ አልተሳሳትኩም ነበር። ዶሮዋን የወሰደውም ሰው የመረጠው ባለቤቷ የሌለችበትን ሰዓት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ሐልዋ አምጥቼልሻለሁ" ይላሉ አማቴ ወደ በሩ ዞረው።

"አኮ፣ እናቴ ካልመጣች አልከፍትም" ይላል የልጄ ድምፅ ከውስጥ፤ አያቷን የምትጠራው አኮ ብላ ነው።

"እኔ ማንም ነኝ?"

"ማንም ማለት ማንም ነው ብላኛለች" አለችና ልጄ ማልቀስ ጀመረች።

ክፈቺ ብላት እኔ ከሚሴ ሳልደርስ ጨፋ ሮቢት ይገባሉ። አትክፈቺ ብላት የባሌን እናት በገበያ ፊት ከደጅ መለስኩ። አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ" አሉ ወደ ስልኩ፤ አዴ በኦሮምኛ የእናት አክብሮት ጥሪ ነው።

አማቴ ቀስ ብለው "ወአለይኩሙ ሰላም። ማን ናችሁ?" አሉ።

"የአፋር ሰው ነኝ። ነጋያ፣ ሰላም ነው? ቤቱስ ሰላም ነው? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ከብቱ? አገራችሁ ጨፋ ነው ሲባል በዳጉ ሰምቻለሁ፤ ሣሩ እንዴት ከረመ?"

ሰላምታ የጀመረን ሽማግሌ አቋርጦ መሄድ አማቴ በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም። ጨፋ ላይ ደግሞ በበጋ አፋሮች ከብታቸውን ይዘው ለሣር ይወጣሉ፤ ስለ ሣር የተጠየቀ የጨፋ ሰው አጭር መልስ የለውም። "ነጋያ፣ አልሃምዱሊላህ" አሉ አማቴ፤ ጥቁር ልብሳቸውን አስተካከሉ። "ሣሩማ ዘንድሮ..." ብለው ጀመሩ። አዛውንቱ ስልኩን እንደያዙ በአገጫቸው ወደ ሚኒባሶቹ አመለከቱኝ። ዕቃዬን ለጎኔ ሻጭ ጥዬ ሮጥኩ።

ያቺን መንገድ አልረሳትም። ስልክ የለኝም። ረዳቱ ፍየል ጣራ ላይ ሊጭን ይቆማል፣ ሰው ሊያወርድ ይቆማል፣ ሻይ የሚገዛ መንገደኛ ይጠብቃል። "ልጄን ሊወስዱብኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ማን?" አለ ሹፌሩ ደንግጦ። "አያቷ" ስለው ፍሬኑን እንደገና ያዘ።

ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቴ ባወጣችላቸው ወንበር ተቀምጠው፣ ቆሎ በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ካሜራው አንጋጠው ያወራሉ። ባለ ባጃጁ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል፤ ሐጂ አንድ ዓይናቸውን ከጀርባው ላይ ሳያነሱ ወሬውን ይሰማሉ። በሩ ተዘግቷል።

"እማ..." አልኩ።

"ቆይ አንቺ! የዚያች ግመል ነገር ገና አላለቀም" አሉና እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። ስንብቱም የራሱ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ወደ በሩ ሄጄ "እኔ ነኝ ልጄ፣ ክፈቺ" አልኩ። መቀርቀሪያው ተከፈተ። ልጄ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች፤ በእኔ አጠገብ አልፋ የአያቷን ጉልበት ሳመች።

"አኮ፣ ይቅር በሉኝ።"

አማቴ አንስተው አልሳሟትም። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ወደ ቤት ገቡ። ምሳ አቀረብኩ፤ ትንሽ ቀመሱ። ልጄን ደብተሯን አስመጥተው፣ ማንበብ የማይችሉትን ገጽ አንድ በአንድ ገለጡ። እኔ የምሠራው ጠፍቶኝ አንድ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ደወሉ።

"ነጋያ? መንገዱ ሰላም ነው? መኪናው ሰላም ነው?" አሉት፤ ሰላምታውን በሙሉ ሲጨርሱ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ። "ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሐልዋ አልኳት። ለእኔ አልከፈተችም። ለአባቷ እናት ያልከፈተች ለማንም አትከፍትም። እዚሁ ትማር።"

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ሌባ ያልሽኝን ግን ሰንበቴ ሁሉ ሰምቷል።"

"ይቅር በሉኝ እማ።"

"ዛሬ አይሆንልኝም።"

"እርስዎም ሳይነግሩኝ፣ እሑድ ቀን..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። እሳቸውም "እ?" አላሉኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልሂድ አሉ። ሐልዋውን ለልጄ ሰጥተው፣ ደረጃውን በእኔ ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ባጃጁ ውስጥ ከገቡ በኋላ ራሳቸውን አወጡ።

"በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ። አብሬያት እውላለሁ፤ አንቺም ስልክ እያየሽ ገበያሽን አታበላሺ። ለልጅቷ ንገሪያት፤ እኔ ስመጣ ትክፈትልኝ።"

"እነግራታለሁ እማ" አልኩ።

ስልኬን የጎኔ ሻጭ በዚያው ማታ በሚኒባስ ላከችልኝ፤ ሰኞም ማክሰኞም ግን ለልጄ አልነገርኳት። የነገርኳት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ስለደወሉ።